ያልተሰጠኝ ለቅሶ

በእኛ ሙያ የሰው ዜማ መዝፈን ነውር የለበትም። ነውሩ የባለቤቱን ስም ሳይጠሩ መዝፈን ነው።

ፓንሶሪ የምንለው አንድ ዘፋኝ በአንድ ከበሮ መቺ ታጅቦ አራትና አምስት ሰዓት የሚፈጅ ታሪክ ቆሞ የሚያወርድበት ዜማ ነው። ታሪኩ የጥንት ነው፤ በመካከሉ ግን አንዱ ዘፋኝ ከራሱ ሆድ አውጥቶ የጨመረው ቁራጭ ይኖራል። ዶነም ይባላል። እዚያ ስንደርስ ማራገቢያችንን አጠፍ አድርገን፣ «ይህ የእገሌ ዶነም ነው» ብለን ለሰሚው እንናገራለን፤ ሰውየው ከሞተ መቶ ዓመት ቢሞላውም እንናገራለን። ስሙን ዘሎ የሚያልፍ ዘፋኝ እኛ ዘንድ ከኪስ አውላቂ አይለይም። እኔ ታክ ዮንሺም እንዲህ ያለውን ሰው ዕድሜዬን ሙሉ ስጠየፍ ኖሬያለሁ።

ሃያ ሦስት ዓመት የዘፋኟ የመምህር ባንግ ኦክዳን ተማሪ ነበርኩ። ጂሪ ተራራ ሥር ባለችው ቤታቸው ጉልበቴ እስኪደነዝዝ ምንጣፍ ላይ ተቀምጬ ዜማቸውን እስትንፋስ በእስትንፋስ ተቀብያለሁ። የቱ ጋ እንደሚያስሉ ሳይቀር አውቃለሁ። የራሴ የምለው ዶነም ግን አልነበረኝም፤ ሃምሳ ሁለት ዓመት ሆኖኝ አንድም። መምህሩን ብቻ የሚቀዳ ዘፋኝ በሙያችን «ፎቶግራፍ» ይባላል። ከዚህ የከፋ ስድብ አናውቅም።

እህት ቻርዬ ይህን ስድብ በየሳምንቱ ታጎርሰኝ ነበር። ከኔ ቀድማ የገባች ተማሪ ስለሆነች ታላቄ ናት፤ ዜማውን ከተወች ቆይታለች፣ ሶምጂን ወንዝ ዳር የቀንድ አውጣ ሾርባ ትሸጣለች። በሯን ከፍቼ ስገባ ደንበኛ ፊት ነው የምትቀበለኝ።

«መጣች ፎቶግራፏ! ኧረ ፍሬም አምጡላት!»

«እህት ቻርዬ፣ ሾርባሽ ጨው በዝቶበታል።»

«ይብዛበታ! ጨውስ የራሴ ነው።»

ሰው ሁሉ ይስቃል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ሆዴ ግን አይስቅም ነበር።

መምህሬ ጉሮሯቸውን ታክመው ድምፃቸው ወደ ሹክሹክታ ከወረደ ሰባት ዓመት ሆኗል። እጃቸው ግን አልደከመም፤ ከበሮ ሲመቱ ግድግዳው ይነዝራል። ሰማንያ አምስተኛ ዓመታቸው ሲገባ አንድ ቀን አስቀመጡኝና ቁርጡን ነገሩኝ። በመጪው መኸር የቤታችንን ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እዘፍናለሁ፤ ከበሮውን የሚመቱልኝ እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ታሪኩ የአንዲት የጀልባ ቀዛፊ ሚስት ታሪክ ነው፤ ባሏን ወንዙ ወስዶባት ዳር ላይ ቆማ ትጠብቃለች።

«የምትጠብቀው ጋ ስትደርሺ የራስሽን ታወጫለሽ» አሉኝ። «ካላወጣሽ መድረኩ ይቅር። እኔ ፎቶዬን ግድግዳ ላይ ሰቅዬ መሞት አልፈልግም።»

«ካልመጣልኝስ፣ መምህሬ?»

«ካልመጣልሽማ አንቺም ሾርባ ሽጪ።»

በልማዳችን መሠረት መቶ ቀን ተራራ ወጣሁ። ፏፏቴ ሥር ጎጆ ተከራይቼ ከንጋት እስከ ምሽት ጮኽኩ፤ ጉሮሮዬ ደማ። የመጣልኝ ሁሉ ግን የመምህሬ ነበር። አንዱን የራሴ ነው ብዬ ደስ ሲለኝ ሳስታውሰው የዛሬ አሥር ዓመት ያስተማሩኝ ሆኖ ይገኛል። መቶኛው ቀን ላይ ባዶ እጄን በሐምሌ ዝናብ ወረድኩ። አልቅሼ ቢሆን ኖሮ እንኳ አንድ ነገር ነበር፤ ለቅሶም አልመጣልኝም።

እቤት ኮምፒውተሬ ላይ የመምህሬ ስልሳ አንድ ካሴት ነበረ። ባለፈው የበረዶ ወራት ቁጭ ብዬ የገለበጥኩት እኔ ነኝ፤ ካሴቶቹ ሻጋታ ሊጨርሳቸው ስለሆነ «ለኛ ቤት ብቻ ይቀመጥ» ብለው በብስኩት ቆርቆሮ ሞልተው ሰጡኝ። ከዚያ በፊት በነበረው መኸር ከሴኡል ሦስት ሰዎች መጥተው ነበር። ወለሉን በግንባራቸው እስኪነኩ ሰገዱና መምህሬ ድምፃቸውን ለሰው ሠራሽ አስተውሎት እንዲሰጡ ለመኗቸው፤ እሳቸው ካለፉ በኋላም መዝፈኑን እንዲቀጥል። ሻይ የቀዳሁት እኔ ነበርኩ። መምህሬ ሻያቸውን እስኪጨርሱ ጠብቀው፣ «ግማሹን ሐኪም ወሰደው፤ የቀረውን ደግሞ እናንተ?» አሉ። «ዜማዬን የፈለገ ይቺ ምንጣፍ አለችለት። ይምጣና አሥር ዓመት ይቀመጥባት።» እንግዶቹን በር ድረስ የሸኘኋቸው በኩራት ነበር። ምንጣፏ ላይ ተቀምጬ የጨረስኩ እኔ ነኛ!

ያቺኑ ምንጣፍ የረገጥኩ ሰው፣ በዚያ ዝናባማ ከሰዓት በኋላ፣ ስልሳ አንዱንም ካሴት ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ማሽን ሰጠሁት። እንዲህ ያለ ነገር የሚሠራ ፕሮግራም ማንም ስልክ ላይ አለ፤ ብልሃት አይጠይቅም። የቀዛፊው ሚስት ወንዝ ዳር ስትጠብቅ፣ በዚህ ድምፅ፣ በዝግታው ምት ብዬ ጻፍኩለት። ያወጣቸው የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዜማዎች የሚያስቁ ነበሩ። አራተኛው ሲጀምር እጄን አፌ ላይ ጫንኩ።

«ና» የሚለውን ቃል ወደ ላይ ይዞት ይወጣና እዚያ ከፍታው ላይ ይሰብረዋል፤ ከዚያ ስባሪውን እየለቀመ ቀስ ብሎ ይወርዳል። መምህሬ እንዲህ ሲዘፍኑ ሰምቼ አላውቅም፤ ሌላም ሰው። ሁለት ሳምንት በራሴ ጉሮሮ ሠራሁት። በራሴ ጉሮሮ ካወጣሁት የኔ ነው አልኩ። መቶ ቀን የደማሁትስ ለዚህ አይደል ወይ አልኩ። ራስን ለማታለል ብዙ ዕውቀት አያስፈልግም።

መምህሬ ዘንድ ሄጄ ዘፈንኩት። ያቺ ስብራት ላይ ስደርስ ከበሮው ቆመ። ጨርሼ ቀና ስል እጃቸው አየር ላይ ቀርቷል።

«ከየት አገኘሽው?»

«ተራራ ላይ መጣልኝ፣ መምህሬ። ሰባኛው ቀን አካባቢ።»

ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ? ወጣ።

«ፏፏቴው ጋ? ውሃው ጋ?»

«አዎ፣ ውሃው ጋ።»

ከበሮውን ወደ ጎን ገፍተው በጉልበታቸው እየዳኹ መጡና ሁለት እጄን ያዙኝ። «እሷ ናት» አሉኝ በዚያች ሹክሹክታ። «ዎልሂ ናት የመጣችብሽ። ይህን ለቅሶ ከኔና ከሷ በቀር የሚያውቀው የለም።»

ዎልሂ አንድ ልጃቸው ነበረች። በአሥራ ሰባት ዓመቷ ሶምጂን ወንዝ ወሰዳት፤ እኔ ገና ወደዚህ ቤት ሳልመጣ። የመምህሬ እናት የሙት መንፈስ ጠሪ ስለነበሩ እሳቸውም የወንዝ ሟች ነፍስ ከውሃ እንዴት እንደሚወጣ ያውቃሉ፤ ሩዝ የሞላ ጎድጓዳ ሳህን በጨርቅ ጠቅልለው፣ ረጅም ነጭ ጨርቅ አስረውበት ወደ ውሃው ይወረውሩታል፤ ሲጎትቱት ሩዙ ውስጥ ፀጉር ከተገኘ ነፍሷ ከውሃው ወጣች ማለት ነው። ለዎልሂ ሦስት ጊዜ ተወርውሮ ሦስቱንም ጊዜ የወጣው ንጹሕ ሩዝ ነው። አርባ አንድ ዓመት ሙሉ በየወሩ ወንዙ ዳር ሩዝ የሚያስቀምጡት ለዚህ ነበር። ይህን ሁሉ ያን ቀን ነው የነገሩኝ፣ እጄን ሳይለቁ።

እቤቴ እንደገባሁ ካሴቶቹን አንድ በአንድ ከፈትኳቸው። ለካስ ስገለብጥ ሁሉንም አልሰማሁም፤ ካሴት ማጫወቻው ሲዞር እኔ አኩሪ አተር እለቅማለሁ፣ ልብስ አጣጥፋለሁ። አርባ ስምንተኛው መለያ አልነበረውም። የዝናብ ድምፅ አለበት፣ ሩቅ የሚጮህ ውሻ አለበት፤ ከዚያ የመምህሬ የአርባ ምናምን ዓመት ድምፅ፣ ብቻቸውን፣ «ዎልሂ፣ ነይ፣ ነይ» እያሉ ያለቅሳሉ። ልምምድ ሲቀዱ መቅጃው ሳይጠፋ ቀርቶ መሆን አለበት። ለቅሶው ያንኑ ከፍታ ይወጣል፣ እዚያው ጋ ይሰበራል፣ እየለቀመ ይወርዳል። የማሽኑ ፈጠራ የምለው ዶነም የእናት ኡኡታ ነበር፤ ያውም የማንንም ጆሮ አልፈልግም ብለው ቤት ዘግተው ያሰሙት።

ካሴቶቹን አጥፉልኝ ብዬ ለፕሮግራሙ ባለቤቶች የዚያኑ ቀን ጻፍኩ። በትሕትና መለሱልኝ። የላክሻቸውን ቅጂዎች እናጠፋለን፤ ማሽኑ ከቅጂዎቹ የተማረውን ግን ለይተን ልናስረሳው አንችልም አሉ። ስለተጠቀምሽብን እናመሰግናለን የሚልም አለበት።

በማግስቱ ልነግራቸው ሄድኩ። እውነቴን ነው፤ ጫማዬን በር ላይ ሳወልቅ የምናገረው ዓረፍተ ነገር አፌ ውስጥ ነበር። መምህሬ ግን ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ፀጉራቸውን በዘይት አስተኝተው፣ የተላጠ ኮክ በሳህን አቅርበው ይጠብቁኝ ነበር። ለሃያ ሦስት ዓመት ፍራፍሬ የምልጠው እኔ ነበርኩ።

«ነይ ልጄ፣ ተቀመጪ። ብዪ።» ሳህኑን ወደኔ ገፉት። «ስትመጣብሽ ሌላ ነገር አለችሽ?»

«ምንም አላለችኝም።»

«እስቲ አስታውሺ። እኔ የምልሽ… በርዷት ነበር ወይ? መጋቢት ነበረ እኮ። የበረዶው ውሃ ገና ከተራራ እየወረደ ነበር። ሌላውን ሁሉ ተቀብዬዋለሁ፤ እሱ ብቻ ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ።»

ሰማንያ አምስት ዓመታቸው ነው። ፊታቸውን ወደኔ ዘንበል አድርገው እንደ ልጅ ይጠብቃሉ።

«አልበረደኝም ብላለች» አልኳቸው።

ይህን ያለው ማሽኑ አይደለም። እኔ ነኝ። ማሽኑን አንድ ሺህ ጊዜ ብከስ ይቺን ልለጥፍበት አልችልም።

ከዚያ ወዲያ መምህሬ ወፈሩ። ተርበው የኖሩ ይመስል ሁለት ሳህን ሩዝ ይበላሉ፤ ቻርዬ የላከችውን ሾርባ ይጨርሳሉ፤ በሹክሹክታቸው ይቀልዳሉ። እኔ ከሳሁ። ቻርዬ አንድ ቀን ጠረጴዛ እየወለወለች ትክ ብላ አየችኝ።

«ምን ሆንሽ አንቺ? ዶነም ያወጣ ሰው እንዲህ ይጠወልጋል? እኔ ሦስት ጊዜ ተራራ ወጥቼ የመጣብኝ አልቅት ብቻ ነው።»

«ደክሞኝ ነው።»

«ሙት መጣባት ይላል እኮ ገበያው ሁሉ። እውነት ነው?»

«ተይኝ፣ እህት ቻርዬ።»

«እሺ ተውኩሽ። ፎቶግራፍ ያልኩሽንም ይቅር በይኝ። ከልቤ ነው።» ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ይቅርታዋን ተቀበልኩ፤ ያንንም ጨምሬ ሰረቅሁ።

የመድረኩ ቀን ጠዋት መምህሬ ከመኪና ሳንወርድ ክንዴን ያዙኝ። «ዶነሙ ጋ ስትደርሺ የራስሽን ስም እንዳትጠሪ» አሉኝ። «የባንግ ኦክዳን ልጅ የዎልሂ ዶነም ነው በይ። ሰው አንድ ጊዜ እንኳ ስሟን ይስማው። ዛሬ የወሩ ሩዝ ቀን ነበር፤ ወንዙ ዳር አልሄድኩም። ከእንግዲህም አልሄድም፤ ወጥታለቻ!»

እሺ አልኩ። ከልቤም ነበር እሺ ያልኩት። የዎልሂን ስም ልጥራና መምህሬ ዐርፈው ይሙቱ፤ የኔ ኃጢአት ከኔ ጋር ይቀበር፤ ሆድ ይፍጀው። አዳራሹ ኋላ ቆሜ ዓረፍተ ነገሩን ሃያ ጊዜ ለማመድኩት።

አዳራሹ ሞልቷል። ሁለት ሰዓት ተኩል ዘፈንኩ፤ ሰዉ በየመሀሉ «እሰይ!» ይለኛል፣ መምህሬ የከበሮውን ምት እያላሉ ያሳርፉኛል። የቀዛፊው ሚስት ወንዙ ዳር ደረሰች። ማራገቢያዬን አጠፍኩ። ሕዝቡ ስሙን ሊሰማ ጸጥ አለ።

ሃያ ሦስት ዓመት አንድ ነገር ስትሠራ የኖረች ጉሮሮ ለካ በአንድ ጠዋት ልምምድ አትመለስም። እዚያች ቦታ ላይ አፌ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የባለቤቱን ስም መጥራት።

«ይህ የመምህሬ የባንግ ኦክዳን ዶነም ነው» አልኩ።

የከበሮው ዱላ ቆመ። አንድ ምት፣ ሁለት ምት አለፈ። ሰዉ ግን ጭብጨባውን አቀለጠው፤ ተማሪዋ የገዛ ዶነሟን ለመምህሯ ሰጠች፣ እንዴት ያለች ትሑት ናት ብሎ። ዞሬ አላየኋቸውም። ከበሮ መቺ ዘፋኝን መንገድ ላይ ጥሎ አይሄድም፤ መምህሬም አልጣሉኝም። ዱላው ወረደ፣ እኔም ተነሣሁ። ስብራቱ ላይ ስደርስ ከበሮው ልክ በቦታው ጠበቀኝ። ያንን ለቅሶ የት ጋ መጠበቅ እንዳለበት ከሳቸው በላይ ማን ያውቃል?

ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ቻርዬ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። «ወይ አንቺ! የወለድሽውን ልጅ በሰው ስም ታስጠሪ? እኔ ብሆን ሞቼ ነው!»

«ቻርዬ» አሉ መምህሬ፣ «ሻይ አምጪልኝ። ቀስ ብለሽ።»

በሩ ተዘጋ። ከወንበራቸው ሆነው የሚያዩት እኔን አልነበረም፤ ጉልበታቸው ላይ ያለውን እጃቸውን ነበር።

«ከየት ነው?»

«ከካሴቶቹ። መለያ ያልነበረው አንድ ነበር፤ ዝናብ ያለበት። ለማሽን ሰጠሁት። ሁሉንም። እሱ ነው ያወጣው።»

«ተራራው ላይስ?»

«ተራራው ላይ ምንም አልመጣልኝም፣ መምህሬ።»

ከውጭ ሰዎች እየተሳሳቁ ወደ መኪናቸው ሲሄዱ ይሰማል።

«እሷ አልመጣችም ማለት ነው።»

«አልመጣችም።»

«አልበረደኝም ያለችውስ?»

ወለሉ ላይ በግንባሬ ተደፋሁ፤ መምህሬም ተነሺ አላሉኝም። ቢመቱኝ፣ ቢረግሙኝ፣ ከቤቴ ውጪ ቢሉኝ በወደድኩ። ያን ቀን ወንዙ ዳር ሩዝ አለመቀመጡ ትዝ አለኝ።

«ያ ማሽን» አሉ በመጨረሻ፣ «አሁንም ለቅሶዬን ያውቀዋል?»

«ያውቀዋል።»

«ሌላ ሰው ቢጠይቀው ይሰጠዋል? የማላውቀው ሰው? ሳሙና ለመሸጥም ይሁን ለዳንኪራ?»

«የማን እንደሆነ ሳይናገር ይሰጠዋል።»

እጃቸውን ዘርግተው ትከሻዬን ያዙ። ለመነሣት ሊደገፉኝ መሰለኝ፤ ለካ ወደ ፊቴ ሊቀርቡ ነው። ሹክሹክታው ጆሮዬ ሥር ነበር።

«የሆነው ሆኗል። እኔን ተዪኝ። እሷን ግን ከዚያ አውጪልኝ፣ ልጄ። አንድ ጊዜ ውሃ ውስጥ ቀርታለች።»

«እሺ መምህሬ» አልኩ፣ የፕሮግራሙን ባለቤቶች መልስ እያወቅሁ። «ዛሬውኑ አወጣታለሁ።»

አመኑኝ።